የጊዝ ቤንድ እራፊዎች

አሜሪካ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ለእረፍት ስትመጣ ከሻንጣዋ አንድ እንግዳ ስጦታ አወጣችልኝ። እንደ ፋሻ የተጠቀለለ፣ በጥብጣብ የታሰረ ጨርቅ ነው። ብፈታው አርባ ቁራጭ ሆነ። የእያንዳንዱ ወርድ ሁለት ኢንች ተኩል ሲሆን ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ፋብሪካው ቀለሙን አስማምቶ፣ ልኩን ጠብቆ ቆርጦ ጨርሶታል። ገዢው ቁራጮቹን ገጣጥሞ ይሰፋና መሐሉ ጥጥ አስገብቶ፣ ከሥር ገበር ሰጥቶ፣ ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ በመርፌ ይወጋዋል። ኩዊልት ይሉታል።

እናቴ ጥቅልሉን ነካ ነካ አደረገችና፣ "ደህናውን ጨርቅ ቆራርጠው ድሪቶ ሊያደርጉት? ምን ጎደላቸው!" አለች።

መቼም በኛ ዘንድ ድሪቶ ማለት ሌላ የሌለው ሰው ልብስ ነው። እራፊ በእራፊ ላይ የሚጣፈው ወድዶ አይደለም። ሰው ሲሰደብም በቃሉ ይሰደባል። የእናቴ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ስለ ኩዊልት ማንበብ ብጀምር፣ ድሪቶን ከኛ በላይ የምታውቅ መንደር አገኘሁ።

መንደሯ ጊዝ ቤንድ ትባላለች። በአሜሪካ ደቡብ፣ በአላባማ፣ ወንዙ ዞሮ በሦስት ወገን የከበባት ለም መሬት ናት። ስሟን ያገኘችው በ1816 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጥጥ እርሻ ካቋቋመው ከጆሴፍ ጊ ነው። በ1845 እርሻው ወደ ማርክ ፔትዌይ ተላለፈ። ሰውየው መቶ ያህል ባሮቹን ከሰሜን ካሮላይና እስከዚያ በእግራቸው አስኳትኖ አመጣቸው። ባርነት ሲቀር መሬቱ የጌታ፣ የጌታው ስም ደግሞ የእነርሱ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ከዚህ በታች ፔትዌይ የሚለው ስም ሲደጋገም አንባቢ ሁሉንም የአንድ ቤት ልጆች አድርጎ እንዳያይብኝ።

የባሮቹ ልጆች ጭሰኞች ሆኑ። የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ ዱቤ የሚሰጣቸው ነጋዴ ዕዳቸውን በመዝገብ ይይዝላቸው ነበር። በ1932 ነጋዴው ሞቶ ወራሾቹ ሲመጡ ግን ስድሳ ያህል ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ተራቆተ። በሬው፣ በቅሎው፣ ማረሻው፣ የጎተራው በቆሎ ሳይቀር ተጭኖ ሄደ። ያን ክረምት ያለፉት በቀይ መስቀል ዱቄት ነው። በ1937 አርተር ሮትስታይን ያነሳቸው ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ። የግንድ ቤቶቹ ግድግዳ ነፋስ እንዳያስገባ ጋዜጣና መጽሔት ተለጥፎበታል። አልጋው ላይ ደግሞ ኩዊልት አለ።

እንግዲህ የእጅ ሥራው እዚህ ላይ ነው። ጨርቅ የሚገዛበት ገንዘብ የለም። ያለው የተበጣጠሰ የሥራ ሱሪ፣ ቱታ፣ የዱቄት ከረጢት ነው። የሱሪው እግር በቁመቱ ሲቀደድ ረጅም ቁራጭ ይሰጣል፤ ቁራጩ በቁራጭ ላይ ሲቀጠል ስፋት ይሆናል። ከሁሉ የተወደደው አሠራር "የቤት ጣሪያ" የሚሉት ነው። መሐል ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ይቀመጥና በዙሪያዋ ቁራጭ እያዞሩ ይሰፉባታል፤ አልጋው እስኪሞላ። ለመሐሉ የሚሆነው ጥጥም ከመዳመጫው ወለል ተጠርጎ የመጣ ስለሆነ በዱላ ይነረታል። በማስመሪያ የተለካ ነገር ስለሌለ መስመሩ ይንጋደዳል። ሰፊዋ ግን መንጋደዱን ታውቅበታለች፤ ቀዩን የት እንደምታሳርፈው አስባበታለች። እኔን ከሁሉ የገረመኝ የሱሪዎቹ ነገር ነው። ጉልበቱ በፀሐይና በመንበርከክ ነጥቷል። ኪሱ ተፈትቶ የተነሳበት ቦታ ግን ፀሐይ ስላላገኘው እንደ አዲስ ሰማያዊ ነው።

በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የባሏን የናታንኤልን የሥራ ልብሶች ቀዳ እንዲህ ያለ ኩዊልት ሠራች። ባሏ ሞቶባት ነበር። ያገዘቻት ልጇ አርሎንዚያ ካደገች በኋላ እንደተረከችው፣ እናትየው የፈለገችው እንዲያስታውሳትና ከሥሩ ገብታ እንድትተኛ ነው።

የመብት ትግሉ ሲመጣ መንደሯ ዋጋ ከፈለች። ወንዙን ተሻግረው ለምርጫ ለመመዝገብ ወደ ካምደን ከተማ ይሄዱ ነበርና በ1962 የጀልባው አገልግሎት ተቋረጠ። የተመለሰው በ2006 ነው። በ1966 በአካባቢው ያሉ ሴቶች ኩዊልት እየሰፉ የሚሸጡበት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ሆኖም ገበያው የሚፈልገው እኩል የተለካና አንዱ ከሌላው የማይለይ ነገር ነበር። በ1972 ሲርስ ለተባለው ትልቅ መደብር ኮርድሮይ ከሚባለው ባለ መስመር ወፍራም ጨርቅ የትራስ ልብስ መስፋት ጀመሩ። ቀን ቀን የታዘዙትን ይሰፋሉ፤ ማታ ትርፍራፊውን ቁራጭ ቤታቸው ወስደው እንደ ልባቸው ያደርጉታል። ከዚያ የእንጀራ ሥራ ይልቅ በየሙዚየሙ የተሰቀለው ትርፍራፊው ሆነ።

በ2002 የሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም የኒውዮርኩ ዊትኒ ኩዊልቶቹን ለሕዝብ አሳዩ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ አሥር ቴምብር አተመባቸው። ምስላቸው ምንጣፍ ላይ፣ ምን ላይ ታትሞ ተሸጠ። በ2007 ከሰፊዎቹ መካከል ጥቅማችን ተነካ ብለው ፍርድ ቤት የሄዱ ነበሩ። ጉዳዩ በ2008 በስምምነት ተዘጋ። ይህን ሳነብ የነጋዴው የዕዳ መዝገብ ትዝ ሳይለኝ አልቀረም።

አንድ ምሽት ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ስለ ጀልባውም ስለ ሙዚየሙም ዝም ብላ ሰማች። ሱሪዎቹ ጋ ስደርስ ብቻ አቋረጠችኝ።

"ኪሱን ፈትተው ነው የሚሰፉት?"

"አዎ እማዬ፣ የነበረበት ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።"

ጥቂት ቆየችና ተነስታ ጓዳ ገባች። የአባቴን ካኪ ኮት ይዛ ተመለሰች፤ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። መብራቱ ሥር ተቀምጣ የኪሱን ክር በጥፍሯ ገለጥ አድርጋ ከሥር ያለውን ቀለም አየች። ከዚያ ኮቱን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጥቅልሉ እስካሁን በጥብጣቡ እንደታሰረ ነው።