የአድዋ ሥዕል ሰንደቆች

በናይሮቢ ባሉ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ የአድዋ ጦርነት ሥዕል ቅጂ ተሰቅሎ ማየት የተለመደ ነው። የሰንደቅ ዓላማ ክርክር በተነሣ ጊዜም አንዱ ልሙጡን፣ ሌላው ባለ አንበሳውን፣ ሦስተኛው በ1988 ዓ.ም. የጸደቀውን ባለ ኮከብ እየደገፈ ሲሟገት፣ «አድዋ ላይ የተውለበለበውን እዩት» ተብሎ ጣት ወደ ሥዕሉ ይቀሰራል። ሥዕሉ ግን ለዚህ ዓይነት ምስክርነት አልተሣለም።

ከሚታወቁት የአድዋ ሥዕሎች አብዛኞቹ ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ብዙ ዘግይተው የተሠሩ ናቸው። ሦስቱ ቀለማት በአንድ ጨርቅ ላይ ተሰፍተው ይፋ የሆኑበት ዘመን ተብሎ የሚጠቀሰው 1890 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ቀለማቱ በተናጠል እንደ ረጃጅም ጥብጣብ ይውለበለቡ ነበር። ሠዓሊው የሣለው ተመልካቹ በዘመኑ የሚያውቀውን ሰንደቅ ነው። ደግሞም የጣልያንና የኢትዮጵያ ሰንደቆች አረንጓዴና ቀይን ይጋራሉ፤ የሚለያዩት በመካከለኛው ቀለምና በአቀማመጥ ነው። ነጩ አርጅቶ ቢጫ በመሰለበት ቅጂ ላይ የሚያድነን የጣልያኑ ቀለማት ቁልቁል፣ የእኛ አግድም መሆናቸው ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ የጣልያን ሰንደቅ መካከል የሳቮይ ንጉሣዊ ቤት ጋሻ ነበረበት፤ በቀይ መደብ ላይ ነጭ መስቀል። ሠዓሊዎቻችን ብዙ ጊዜ ትተውታል። ምናልባት መስቀልን ለጠላት መስጠት ከብዷቸው ይሆናል፤ በሥዕሉ አናት ላይ በነጭ ፈረስ የሚጋልበው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነውና፤ ዕለቱም የእርሱ ነበረ።

ለአውሮፓው የጋሻ ምልክት ጥበብ በአማርኛ የጸና ቃል የለም፤ ተርጓሚ ሁሉ ይህን ያውቃል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ያ ጥበብ የበለጸገው በ12ኛው ምዕተ ዓመት፣ ፊቱ በብረት የተሸፈነው ባላባት ማን መሆኑን ለመለየት በተቸገሩበት ጊዜ ነው። የእኛ ጦረኛ ፊቱ ግልጥ ነበር፤ የሚታወቀውም በጎፈሩ፣ በለምዱ፣ በነጋሪቱ፣ ከሁሉም በላይ በፈረስ ስሙ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ መኮንን አባ ቃኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ አድዋ ላይ የወደቀው ፊታውራሪ ገበየሁ አባ ጎራው። ስም ደግሞ አይሣልም። ስለዚህ ሠዓሊው ንጉሠ ነገሥቱን በጃንጥላ፣ ወገኑን በሁለት ዓይን፣ ጠላትን በጎን ፊትና በአንድ ዓይን ይለያል።

በዚያ ሜዳ እውነተኛ የቀለም ሥርዓት የነበራቸው ከጣልያን ጋር የተሰለፉት የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ሻለቃ የራሱ የመቀነትና የጣርቡሽ ዘርፍ ቀለም ነበረው። ሠዓሊው ይህን ሁሉ ትቶ ቀዩን ጣርቡሽ ብቻ አስቀረ። ከተማረኩት አስካሪዎች ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆርጠዋል፤ ይህ ግን በየምግብ ቤቱ በተሰቀሉት ቅጂዎች ላይ አይታይም።