ስማቸው ያልተጻፈ አሰልጣኞች

ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከመጣው የናፒየር ጦር ጋር መጥቶ እዚሁ ኢትዮጵያ የቀረ ጆን ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ቻይና አገር በእንግሊዛዊው መኮንን በጎርደን ሥር ያገለገለ፣ ሙያው ወታደር ማሰልጠን የሆነ ሰው ነው። ደጃች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የተባሉት፣ ትግራይ ላይ ወታደሮቻቸውን በእሱ አስለጠኑ። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ አሰም ላይ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር ድል መቱ። የታሪክ ሰዎች ለኪርካም ድርሻውን ይሰጡታል፤ ተገቢ ነው። እኔ ግን ሃምሳ አለቃ ነበርኩና ሌላ ነገር ይታየኛል። አንድ ሰው ያን ሁሉ ጦር ብቻውን አያሰለጥንም። ቀን ከእሱ የተማረውን ማታ ለጓዶቹ በአገሩ ቋንቋ ያስረዳ ልጅ መኖር አለበት። የዚያን ልጅ ስም የጻፈ የለም።

ከዚያ ወዲህ ያለው የአሰልጣኝ ታሪክ በየጊዜው የተቋረጠ ነው። በ1922 ቤልጂጎች ክብር ዘበኛን ሊያሰለጥኑ መጡ። ጥር 1927 ላይ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች የሆለታ ገነትን ጦር ትምህርት ቤት ሥራ አስጀመሩ። ጣሊያን ጊዜ አልሰጠም። በሚያዝያ 1928 ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የባዶሊዮን ጦር ጣርማ በር ላይ እንዲያቆሙ ተላኩ፤ አልሆነም። የተረፉት ከእነ ኮሎኔል ክፍሌ ነሲቡ ጋር ወደ ነቀምት ወርደው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ገቡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ቦምብ ከተጣለበት በኋላ ግራዚያኒ የሆለታን ልጆች እየለቀመ ረሸነ። ፈረንሳይ አገር ሳን ሲር ጦር ትምህርት ቤት የተማሩት ክፍሌ ነሲቡም ከተረሸኑት መካከል ናቸው። ነገ አሰልጣኝ የሚሆኑት እነዚያ ነበሩ።

ነጻነት ሲመለስ እንደገና ሀ ተባለ። በ1934 እንግሊዞች መጡ፣ በ1943 ሄዱ። በ1945 በተፈረመው ስምምነት አሜሪካኖች ተተኩ። በ1950 ሐረር አካዳሚ ሲከፈት ደግሞ መምህራኑ ህንዶች ሆኑ። አንድ አስር አለቃ በአንድ ዕድሜው ሁለትና ሦስት ዓይነት አረማመድ ሊማር ይችል ነበር፤ እየተማረም ያስተምር ነበር።

እኔ የደረስኩት በአሜሪካኖቹ ዘመን ነው። አሰልጣኝ ልሁን ብሎ የሚያመለክት አልነበረም። ምልምል ሳለህ ያዩሃል፤ ድምፅህ ሜዳውን ይሻገራል ወይ? ጓደኛህ ሲሳሳት ትስቅበታለህ ወይስ ታሳየዋለህ? ሥልጠናው አልቆ ሌላው ወደ ክፍሉ ሊሄድ መኪና ላይ ሲወጣ፣ “አንተ ቅር” ትባላለህ። በቃ። ከዚያ ነባሮቹ ይቀበሉሃል። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ዝምታን ነው። “ወደፊት” ብለህ ትስበዋለህ፣ ሰልፈኛው ሐሳቡን ይሰበስባል፤ ከዚያ “ሂድ!” ብለህ ትቆርጠዋለህ። በመሃል ያለችው ዝምታ ካጠረች ሰልፉ ይደናበራል፣ ከረዘመች ችኩሉ ቀድሞ ይረግጣል። ይህን ከመጽሐፍ ያገኘ ሰው አላውቅም።

መሣሪያችን ኤም ዋን ነበር። ስምንት ጥይት የያዘችውን ብረት ከላይ በአውራ ጣትህ ተጭነህ ታስገባለህ፤ እጅህን ቶሎ ካላነሳህ መዝጊያው ተስፈንጥሮ ይነክስሃል። የምልምሉን ጥፍር አይተህ የትኛው ትምህርት ላይ እንደደረሰ ታውቅ ነበር።

በሚያዝያ 1969 ደርግ የአሜሪካኖቹን ወታደራዊ ሚሲዮን ዘጋ። መሣሪያው የሶቪየት ሆነና፣ ኤም ዋንን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን የያዝን ሰዎች ባንድ ጊዜ የክላሽ ተማሪ ሆንን። እኔን ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ላኩኝ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ገበሬ ሜዳውን ሞልቶታል፤ አማርኛ የማይሰማው ብዙ ነው። በእጅ ምልክት፣ በአስተርጓሚ፣ አንዳንዴም በጎረቤት ክርን እየተጎሸመ ተማረ። ኩባዎችም መጡ። ጊዜው አጭር ነበር፤ ሰኔ 18 ቀን 1969 አብዮት አደባባይ ላይ ሚሊሺያው ተሰልፎ ታየ፣ ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ከዚያ በኋላ ያሰለጠንኩትን ሰው ፊት ማስታወስ አልወድም።

ስለ ተኩስ ግን ልናገር። የክላሽ መቆለፊያ አንድ ጊዜ ዝቅ ሲል አውቶማቲክ ይሆናል፣ እስከ ታች ሲወርድ አንድ በአንድ ይተኩሳል። ወጣቱ የከተማ ልጅ መጀመሪያው ላይ አቁሞ ሠላሳውን ጥይት ባንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ገበሬውን ይህን አታርመውም። ጥይት በብር ገዝቶ የኖረ ነው፤ እስከ ታች አውርዶ፣ አልሞ፣ አንዷን ለቅቆ፣ ቀለሃዋን ካላነሳሁ ይልሃል። አንዱን ሽማግሌ ቀለሃ በኪሱ ሲከት ይዤው፣ “የመንግሥት ነው አባቴ” ብለው፣ “እሱማ፣ መሬት ላይ ግን ለምን ይውደቅ?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን እኛም ተበተንን። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ከቀድሞው ሠራዊት ባለሙያ ተፈልጎ ተጠራ፤ እኔ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ የታጠቅ ባልደረባዬ ሄደ። በጻፈልኝ ደብዳቤ ምልምሎቹ ትምህርት ቤት የገቡ ናቸው፣ ግራና ቀኝ ማስተማር አላስፈለገኝም፣ ጥይት ግን ይጨርሱብኛል ይላል።