ከአዲስ አበባ አስመራ ስንት ሰዓት ነው?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

እዚህ ካምፓላ የማስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ የተወለዱት በስደት ነው። አንዷ «ቲቸር፣ ከአዲስ አበባ አስመራ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። ካርታ ዘረጋን። ሁለቱ ከተሞች ከሞላ ጎደል በአንድ ኬንትሮስ ላይ ናቸው፤ አንዱ 9 ዲግሪ፣ ሌላው 15 ዲግሪ ከሩብ ግድም ሰሜን። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሲባዛ 700 ይመጣል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው። በመኪና በደሴ፣ በመቀሌ፣ በዛላምበሳ 1,000 ኪሎ ሜትር ግድም።

የሂሳቡ መልስ ይኸው ነው። የታሪኩ መልስ ግን እንደ ዓመተ ምህረቱ ይለያያል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአስመራ በኩል ነው። ኤርትራ ያኔ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች። ፌዴሬሽኑ መጣ፣ ፈረሰ፣ የ30 ዓመት ጦርነት ሆነ፣ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። ከነጻነት በኋላም በረራው ነበረ። የዘጋው የ1990ው የባድመ ጦርነት ነው።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከሰፈራችን ሰዎች ሲወሰዱ አይቻለሁ፤ ቡናቸውን ከእናቴ ጋር የሚጠጡ ሰዎች። ከወዲያም ኢትዮጵያውያን እንዲሁ እየተባረሩ መጡ። ስልኩም ተቆረጠ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ሰላም ተፈረመ ተባለ፤ በረራው ግን አልተመለሰም።

አስቡት፤ እናት አስመራ ታርፋለች፣ ልጅ አዲስ አበባ ነው። በካይሮ ዞሮ ልሂድ ቢል ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የቀጥታው ስድስት እጥፍ። ቪዛው፣ የትኬቱ ዋጋ፣ «ከጠላት አገር መጣህ» የሚለው ምርመራ ሳይቆጠር። ቀብር ደግሞ አይጠብቅም፤ በማግስቱ አፈር ይገባል። ስንቱ ነው መርዶውን በሦስተኛ አገር ሰው በኩል ሰምቶ ብቻውን ድንኳን የጣለው! እኔን የሚያንገበግበኝ ከድንበሩ ክርክር ይልቅ ይሄ ነው።

በ2010 ሐምሌ መጀመሪያ ስልክ ሲከፈት ሰው የማያውቀውን ቁጥር እየደወለ ሰላም ይባባል ነበር። ሐምሌ 11 ሁለት አውሮፕላኖች በደቂቃዎች ልዩነት ከቦሌ ተነሱ። ከ20 ዓመት በኋላ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ ተገናኙ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ መንገድም ተከፈተ፤ ወራት ሳይቆይ ተዘጋ።

በረራው ስድስት ዓመት ቆየ። መጀመሪያ የኤርትራ ሲቪል አቪዬሽን ከመስከረም 2017 ጀምሮ እንደሚያግድ አስታወቀ፤ አየር መንገዱም ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቁጥጥሬ ውጭ በሆነ ምክንያት ብሎ አቆመ። በረራው ሲቆም ከሁለቱም ወገን ተሳፋሪውን የጠየቀው የለም።

እኛ የስደተኛ ወረቀት የያዝነውማ ቢከፈትም አንሳፈርበት። ቤተሰቦቻችን ግን እዚያና እዚያ ናቸው።

እናንተ በእነዚያ 20 ዓመታት በየት ዞራችሁ ተገናኛችሁ? በካይሮ? በሰንዓ? በናይሮቢ? መንገዱንና የፈጀባችሁን ጊዜ ጻፉልኝ፤ ስም አያስፈልግም። ከልጆቹ ጋር ካርታው ላይ እናሰምረዋለን።