«ጀበርቲ» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ረመዳን እዚሁ ደብረ ታቦር ከተራዊሕ ሶላት በኋላ አንድ የሒሳብ ተማሪ ጠጋ ብሎ፣ «ሸኻችን፣ ጀበርቲ ማለት ተገዶ የሰለመ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኛው በክርክር መሐል የወረወረበት ቃል እንቅልፍ ነስቶታል። ጥያቄው የብዙዎቻችሁም ሊሆን ስለሚችል የዛሬውን ዝግጅታችንን በዚሁ ላይ አድርገነዋል።

«ተገዶ» የሚሉት «ጀብር» ከሚለው የዐረብኛ ቃል አምጥተውት ነው። ጀብር ማስገደድ ማለት መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም የተገደደ ሰው በዐረብኛ «መጅቡር» እንጂ ጀበርቲ አይባልም፤ «ት»ዋ ከየት መጣች ቢባሉ መልስ የላቸውም። ደግሞም ጀብር የተሰበረ አጥንትን መጠገንም ነው፤ የወጌሻ ሥራ። አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ምዕተ ዓመት በበግዳድ ለሒሳብ ዘዴው የተጠቀመበት ይኸው ቃል ነው፤ በላቲን በኩል አልፎ እንግሊዞች ዘንድ «አልጀብራ» ሆነ። ይህን ስነግረው የልጁ ፊት ፈካ።

ሌሎች ከግእዙ «አግብርት» ያመጡታል፤ የአላህ ባሮች ለማለት። ፍቺው ደስ ይላል። እኔ ግን ደስ ስላለን ብቻ አንቀበለው ባይ ነኝ። በ1442 እ.ኤ.አ. ያረፈው ግብፃዊው የታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት ሲጽፍ ጀበርትን የሚያውቀው በአገር ስምነት ነው፤ ከኢፋትና ከዘይላ ምድር ጋር አያይዞ። የመጨረሻዋ «ኢ» የአገር ልጅነትን ታሳያለች፤ መኪ፣ መደኒ እንደሚባለው። እኛስ ጎንደሬ፣ ወሎዬ እንል የለ?

ከዚያ አገር ዒልም ፍለጋ የወጡ ደረሳዎች በሄዱበት ሁሉ ስሙን ይዘው ሄዱ። በየመን ዘቢድ ሸይኽ ኢስማዒል አል-ጀበርቲ ገነኑ። በካይሮ አል-አዝሀር ለሐበሻ ደረሳዎች የተሰጠው ማደሪያ የጀበርት ሪዋቅ ተባለ፤ የአንድ አገር ስም የሐበሻ ሙስሊም ሁሉ መጠሪያ የሆነው እንዲህ ነው። ከቀደምት አያቶቹ አንዱ ከጀበርት ተነሥተው ካይሮ የገቡት ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ሲወርር ያየውን ጽፎ ትቶልናል። አባቱ ሸይኽ ሐሰን ደግሞ የሒሳብና የፈለክ ሊቅ ነበሩ። ተማሪያችን ይህን ሁለት ጊዜ አስደግሞኛል።

በአገር ቤት ስሙ ዛሬም የሚሠራው ይበልጡን በትግራይና በኤርትራ፣ በትግርኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችን ዘንድ ነው። የእኛ ቤጌምድር ሙስሊሙን የጠራው በሥራው ነው፤ «ነጋዴ» ብሎ። ምክንያቱም ርስት አልነበረውም። በ1668 እ.ኤ.አ. በጎንደር በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን ለብቻው ይኑር ተብሎ ተወሰነበት፤ በ1878 እ.ኤ.አ. በቦሩ ሜዳ ደግሞ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሃይማኖትህን ቀይር ተባለ። መገደድ ከተነሣ የተገደደው ማን እንደሆነ ታሪክ ጽፎታል። የቀረለት ሲራራ ንግድና ሽመና ነበር፤ ከእኛ ብዙም የማትርቀው ደሪጣም በዚሁ የታወቀች የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች።

የልጁ አያት የደሪጣ ሰው ናቸው። ጀበርቲ የሚለውን ቃል ከልጅ ልጃቸው አፍ ገና መስማታቸው ነው። «እኛማ ነጋዴ ነን» አሉት አሉ። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወዲህ ግን አራሽ ገበሬ ናቸው።