የሱስንዮስ ክታብ፤ ስለ አስማትና በአጋንንት ላይ ስላለው ሥልጣን

ወልዳ ልጇ በሕፃንነቱ የሚሞትባት፣ ሁለተኛም ሦስተኛም ብትወልድ እንዲሁ የሚሆንባት ሴት በአማርኛ «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። ቃሉ የበሽታም የመንፈስም ስም ነው። እንዲህ ያለችው ሴት ጠበል ትጠመቃለች፤ ለታቦት ስእለት ትሳላለች፤ ይህ ሁሉ አልሆን ሲል ወደ ደብተራ ሄዳ ክታብ ታስጽፋለች። እስከ ዛሬ ከቈዩት የብራና ክታቦች እጅግ ብዙዎቹ ለሴቶች የተጻፉ መሆናቸው የዚህን ሐዘን ብዛት ያስረዳል።

ብራናው ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ይዘጋጃል። ስፋቱ ከስንዝር ያነሰ ነው፤ ርዝመቱ ግን መላ አካልዋን ይጠብቅ ዘንድ የባለቤቲቱን ቁመት እንዲያክል ይደረጋል፤ ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ በቀጭን ጠፍር ይሰፋል። ጸሎቱ በግእዝ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ የየጸሎቱ መጀመሪያና የባለቤቲቱ የክርስትና ስም በቀይ ይሆናል። በራስጌውም ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ ወይም በዐይኖች የተከበበ ፊት ይሣላል። ከዚያም ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይሰፋና በአንገት ይንጠለጠላል። ብዙውን ጊዜ ባለቤቲቱ ንባብ አታውቅም፤ ብታውቅም የተሰፋውን አትፈታም። ጸሎቱ የሚቀርበው ለእግዚአብሔር ነው፤ ሥዕሉን አይቶ ይደነግጣል የሚባለው ግን በእርሷ ዐይን የሚያየው ርኩስ መንፈስ ነው።

በእነዚህ ክታቦች ውስጥ እየተደጋገመ የሚገኘው የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ነው። ሱስንዮስ ሚስት አግብቶ ልጅ ወለደ። ወርዝልያ የምትባል ሴት መጥታ ሕፃኑን ገደለችበት። እርሱም የሚስቱን ልቅሶ ሰምቶ፣ ጦሩን ይዞ፣ በፈረሱ ተቀምጦ ገዳይቱን ሊፈልግ ወጣ። በመንገድ ያገኛት አንዲት አሮጊት ወደየት እንደ ሄደች አመለከተችው። ወርዝልያንም በርኩሳን መናፍስት ተከባ ባገኛት ጊዜ ወዲያው አልወጋትም። ከፈረሱ ወርዶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ፣ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሥልጣንም እንደ ተሰጠው የሚነግር ድምፅ ከሰማይ መጣለት። ጦሩን በጎኗ የሰካው ከዚህ በኋላ ነው። እርሷም ስሙ ባለበት ስፍራ ሁሉ ላትደርስ በሊቃነ መላእክት ስም ማለችለት።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተጣምሯል። ፊተኛው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። በአጋንንት ላይ ያለው ሥልጣን የእግዚአብሔር ነው፤ ሰው ለምኖ ይቀበላል እንጂ ከራሱ አያመነጨውም። ፈረሰኛው ከፈረሱ መውረዱና መንበርከኩ ይህንኑ ያመለክታል። በጥምቀት ሥርዓትም ተጠማቂው ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በክርስቶስ ማመኑን ይናገራል፤ የሱስንዮስ ፊቱን መመለስ ከዚህ የራቀ አይደለም። ኋለኛው መሐላው ነው። ርኩስቱ መንፈስ የሱስንዮስ ስም ካለበት እንዳትደርስ ከማለች፣ ስሙን ጽፎ መያዝ ብቻውን ይበቃል የሚል አሳብ ይከተላል። ጸሎቱ በአንገት የሚንጠለጠል ጋሻ የሆነው በዚህ በኩል ነው።

ታሪኩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በላይኛው ግብጽ፣ ባዊት በሚባለው ስፍራ፣ በአባ አጶሎ ገዳም ፍርስራሽ ውስጥ ፈረንሳዊው ዣን ክሌዳ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቈፍሮ ካገኛቸው የግድግዳ ሥዕሎች አንዱ ሲሲኒዮስን በፈረስ ተቀምጦ አንዲት ሴት ሲወጋ ያሳያል። የሴቲቱ ስም አላባስድርያ ተብሎ ተጽፎበታል። በግሪኮችም ዘንድ ሕፃናትን የምትገድለው ጌሎ ከዚሁ ቅዱስ ጋር ትነሣለች። እንዲሁም ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ እንደ ያዘ የሚናገረው «መርበብተ ሰሎሞን»፣ ሰሎሞን አጋንንትን ይገዛ ነበር ከሚለው ከጥንታዊው የምሥራቅ ትውፊት ጋር የተዛመደ ነው። የኢትዮጵያ ጸሐፍት ግን በባዕድ ስሞች ላይ የአገራቸውን ጨመሩ፤ በርያና ሌጌዎን፣ ቡዳና ዛር፣ ሾተላይና ዐይነ ጥላ በአንድ ብራና ላይ ተሰልፈው ይገኛሉ። ከእነዚህ ሌጌዎን ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የመጣ ነው።

ክርክሩ ሁሉ በአንድ ቃል ላይ ይገናኛል። «አስማት» በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቍጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው እንጂ ክፉ ትርጓሜ የለውም። በአማርኛ ግን ቃሉ ወደ ጥንቈላ አዘንብሏል። በክታብ ውስጥ ከሥላሴና ከመላእክት ስም ቀጥሎ በማንም ቋንቋ የማይተረጐም ድምፅ ይሰለፋል፤ ጸሐፊው የእግዚአብሔር ኅቡእ ስም ነው ይላል። ስሙ የሚሠራው በሚጠራው ሰው እምነት ነው ወይስ በራሱ በድምፁ? ሊቃውንቱና አስማተኛው የሚለያዩት በዚህ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ስለ አስቄዋ ልጆች የሚናገረው የሊቃውንቱን ወገን ይረዳል፤ የማያምኑበትን ስም ቢጠሩ ጋኔን ያደረበት ሰው ራቁታቸውን እስኪሸሹ ድረስ ደበደባቸው።

በዚህ ነገር ከነገሥታቱ ሁሉ የጨከነው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ነገሠ። ጥንቈላን በመጽሐፈ ብርሃን አወገዘ። ደስክንና ዲኖን አምልከዋል ተብለው የተከሰሱትን ሁሉ፣ የገዛ ልጆቹን ሳይቀር፣ እስከ ሞት ቀጣ። ዜና መዋዕሉ እንደሚናገረው ክርስቲያን ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በቀኝ እጁ ዲያብሎስን መካዱን፣ በግራ እጁ ደስክን መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን እንዲጽፍ አዘዘ። የአስማት ጠላት የሆነው ንጉሥ ራሱ በሕዝቡ ገላ ላይ ስም ማስጻፉ እንግዳ ነገር ይመስላል። ሆኖም በዐዋጁ የተጻፈው ግልጥ ክሕደትና ግልጥ እምነት ነው፤ ማንም ያነበዋል። የክታቡ ጽሑፍ ግን ተጠቅልሎ የተሰፋ ነው። በንጉሡ ዘንድ ልዩነቱ ይህን ያህል ነበረ፤ ስለዚህም ልዩነት ብዙ ደም ፈሰሰ።

ይህ ሁሉ ቅጣት ክታብን አላጠፋውም። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ጻፊው ደብተራ ማሕሌት የሚቆም፣ ዜማና ቅኔ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ልጇ የሞተባት እናትም በቅዳሴ በሰማችውና በአንገቷ ባሰረችው ስም መካከል ልዩነት አታይም። ውግዘቱ ለሊቃውንት የቀና ቢሆንም፣ ለእርሷ በምትኩ የሚሰጣት ነገር ጥቂት ነበረ። በ1940 ላንድስታይነርና ዊነር አር ኤች የተባለውን የደም ዐይነት አስታወቁ፤ የእናትና የሕፃን ደም አለመስማማት ተከታታይ ልጆችን እንደሚገድልም ታወቀ፤ በ1960ዎቹም መከላከያ መርፌ ተገኘ። በኢትዮጵያ ይህ ሕመም ሾተላይ ተብሎ ይጠራል፤ የጥንቱ ሾተላይ ግን በአንድ በሽታ የሚወሰን አልነበረም።

ብዙ ክታቦች ከባለቤቶቻቸው ተለይተው በፓሪስና በሎንዶን አብያተ መጻሕፍት፣ በአዲስ አበባም በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይገኛሉ። ክታብ ከእናት ወደ ልጅ ወይም ወደ ሌላ ሴት ሲተላለፍ የቀድሞዪቱ ስም ተፍቆ የተቀባይቱ ይጻፍበት ነበር። ስለዚህ በአንዱ ብራና ላይ የጸሎቱ ቃል በመጀመሪያው ጸሐፊ እጅ ሲሆን ስሙ በሌላ እጅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የፊተኛው ስም ቀይ ቀለም ከኋለኛው ሥር ይታያል።