ከድምፃዊው ኋላ የተቀመጡት

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አዲስ አበባ ሌሊቷን በሰዓት እላፊ ታሳልፍ ነበር። ካዛንቺስ ዳር ወዳለው ሂልተን ሆቴል ሊደንስ የገባ ሰው እኩለ ሌሊት ካለፈ መውጫ የለውም፤ ንጋት 12 ሰዓት እስኪሞላ እዚያው ነው። ሰው ካልወጣ ባንዱም አያርፍም። ዘፋኝ በዘፋኝ ይተካል፣ ነፊዎቹ በየመሃሉ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ድራም ላይ የተቀመጠው ሰው ግን እጁን ካነሳ ዳንሱም አብሮ ይቆማል።

ሮሊንግ ስቶን መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2016 መቶ ድራመሮችን በደረጃ ሲያስቀምጥ የሌድ ዜፕሊኑን ጆን ቦናምን አንደኛ፣ የዘ ሁውን ኪዝ ሙንን ሁለተኛ፣ የክሪሙን ጂንጀር ቤከርን ሦስተኛ አድርጓል። ቦናም «ሞቢ ዲክ» በተሰኘው ሥራ መድረኩን ለብቻው ይዞ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ የሚመታበት ጊዜ ነበር። ሂልተን ውስጥ እንዲህ ያደረገ ሰው ተደናሹን ሁሉ ወደ ወንበሩ በመለሰው ነበር። ሂልተን ያለበት የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሚዛን ሌላ ነው፤ ድራመሩ የሚመዘነው በተደናሹ እግር ነው።

ይህ ሚዛን ከሆቴሎቹ በፊትም ነበር። ክፍለ ከተማው ስሙን ባገኘበት በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደ ሌሎቹ አድባራት ሁሉ፣ ማሕሌቱ ያለ ከበሮ በቁም ዜማ ይጀምርና በዝማሜ አልፎ መረግድ ላይ ሲደርስ ከበሮው በዝግታ ይገባል፤ ጽፋት ላይ ጭብጨባው ይከተላል፣ ምቱም ይፈጥናል። ሊቃውንቱ ሁለቱን የከበሮ አፎች በብሉይና በሐዲስ ኪዳን፣ ጠፍሩን በክርስቶስ ግርፋት ይመስሉታል። ጎበዝ መቺ የሚባለው ዜማውን ሳይሸፍን ዘማሪውን ከዝግታ ወደ ፍጥነት የሚያሻግር ነው።

የነሐስ መሣሪያው የመጣው በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አርመናውያኑ «አርባ ልጆች» ከኢየሩሳሌም መጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ማርሽ መጫወት ጀመሩ፤ ቀጥሎ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች መጡ። የግል ባንዶች ሲበራከቱ ደግሞ ድራሙ ላይ የተቀመጡት ልጆች አንድ ከባድ ጥያቄ ጠበቃቸው። አገርኛውን ስልት ችክችካን በዚህ በፈረንጅ መሣሪያ እንዴት ይጫወቱት? ስድስቱ ምት አንዴ ለሁለት፣ አንዴ ለሦስት ይከፈላል። በሁለት እጅ የሚመታውን ከበሮ ለሁለት እጅና ለሁለት እግር ማካፈል ነበረባቸው።

የሶል ኢኮስ ባንዱ ተስፋዬ መኮንን ከዚያ ትውልድ ነው። የአይቤክሱ ተስፋዬ ተሰማ ደግሞ ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 «እረ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ ከኋላው ነበር። ሸክላውን የገዛ ሰው ግን የሚጠራው ማሕሙድን ነው። ለጊታሩ፣ ለሳክሱ፣ ለቤዙም ቢሆን አድናቂ አይጠፋም፤ ድራመሩ ግን «ማን ይበልጣል» ከሚለው ክርክር ደጋግሞ ውጪ ይቀራል።

ቂርቆስ ላይ ክርክሩ ቢነሳ ዋና ተፎካካሪ የሚሆነው የዋልያስ ባንዱ ተማረ ሐረጉ ነው። ዋልያስ ይጫወትበት የነበረው የሂልተን ታዳሚ ከየአገሩ የተሰባሰበ በመሆኑ ባንዱ ጃዙንም፣ ሶሉንም፣ አገርኛውንም በአንድ ሌሊት መጫወት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ቸ በለው» አልበም ላይ ይህ ሁሉ አለ፤ ድምፃዊ ስለሌለ ድራሙ የሚደበቅበት ቦታ የለም። ከሂልተን ብዙም በማይርቀው ግዮን ሆቴል ደግሞ ዳህላክ ባንድ ለወጣቱ የአገር ሰው ይጫወት ነበር፤ የዋልያሱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያም «ወደ ሐረር ጉዞ»ን እ.ኤ.አ. በ1978 ከዳህላክ ጋር ሠርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ለሥራ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉን ጨምሮ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሲቀርጽ ተማረ አጠገቡ አልነበረም። ችክችካውን የሚመታው ማሽን ነበር። አዲስ አበባም ብዙ ሳትቆይ ወደዚያው አዘነበለች፤ ምቱን በሆዱ የያዘ አንድ ኪቦርድ ለብዙ ቤቶች የሙሉ ባንድን ቦታ ሸፈነ።

ማሽኑ አይደክምም፣ ደመወዝም አይጠይቅም። ተደናሹ ሲግል አይቶ መፍጠን ግን አይችልም።

ካዛንቺስ ውስጥ ይህን የሚችለው ከበሮ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ውስጥ ቆየ። የመላኩ በላይ እስክስታ ሲፈጥን የምሳሌ ለገሰ ከበሮ ከትከሻው እኩል ይፈጥን ነበር፤ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ የሮክ ባንድ ጋርም ምሳሌ አብሮ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት አውጥቶ ሮኩንና አገርኛውን ስልት አገናኘ። ኃይሉ መርጊያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያሳትም በማሽኑ ቦታ አውስትራሊያዊው ድራመር ቶኒ ባክ ተቀምጧል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም አብሮ ፈረሰ። ጥር 15 ሲደርስ ግን በቅዱስ ቂርቆስ ማሕሌቱ እንደወትሮው ይቆማል፤ መቺው የከበሮውን ማንገቻ ትከሻው ላይ ያስተካክልና ዘማሪዎቹን እያየ መረግድ እስኪደርስ ይጠብቃል።