የጨቅላ ሕፃናት የደም ኢንፌክሽን፦ መንስኤውና ሕክምናው

ሴፕሲስ በመባል የሚታወቀው የደም ኢንፌክሽን ባክቴሪያ ወደ ጨቅላ ሕፃን ደም ገብቶ ሲራባ የሚከሰት ከባድ ሕመም ነው። እስከ 28 ቀን ባለው የጨቅላነት ዕድሜ የሰውነት በሽታ የመከላከል አቅም ገና ያልዳበረ በመሆኑ፣ ሕመሙ በሰዓታት ውስጥ ተባብሶ ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የሚታየው ኢንፌክሽን ብዙውን ጊዜ በወሊድ ወቅት ከእናት የሚተላለፍ ነው። ከዚያ በኋላ የሚከሰተው በአብዛኛው ካልታጠበ እጅ፣ ንጽሕናው ካልተጠበቀ እትብት ወይም ከሕክምና መሣሪያ ይመጣል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ከሚገኙት ባክቴሪያዎች መካከል ክሌብሲየላ፣ ኢ-ኮላይ እና ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ይጠቀሳሉ።

የአደጋ ምልክቶች፦
• ጡት መጥባት አለመቻል ወይም መቀነስ
• የሰውነት መንቀጥቀጥ
• በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ ወይም የደረት ወደ ውስጥ መሰርጎድ
• 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም ከ35.5 በታች የሰውነት ቅዝቃዜ
• ሲነኩት ብቻ መንቀሳቀስ ወይም ጨርሶ አለመንቀሳቀስ

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ሕፃኑ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል።

በሆስፒታል የደም ናሙና ለካልቸር ምርመራ ከተወሰደ በኋላ ውጤቱ ሳይጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን በመርፌ ይጀመራል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የተላመደ ሆኖ ከተገኘ በሌላ ይተካል። ወደ ሆስፒታል መሄድ ላልቻሉ ቤተሰቦች በጤና ኬላ የጄንታማይሲን መርፌና በአፍ የሚወሰድ አሞክሲሲሊን ለ7 ቀናት ይሰጣል። ሕፃኑ የተሻለው ቢመስልም መድኃኒቱ ሳያልቅ መቋረጥ የለበትም።